መርዶና ዜና፦ ስለ እምነቴ መጽሐፍ ስጽፍ የተሳሳትኩት

አባዬ ያረፈው በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ጅማ፣ ገዛ ቤቱ ውስጥ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ። የዚያኑ ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት እኔ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጬ ዜና አነበብኩ። ማንም አልነገረኝም ነበር።

የኛ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚያረዳ ታውቃላችሁ። በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው፣ ያውም በማታ፣ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል። እኔንም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀሰቀሱኝ። አጎቴን፣ ሁለት የሰፈሬን እናቶችና አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ሳያቸው ገባኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ሞት በ15 ሰከንድ ስናገር ኖሬያለሁ። የራሴን እንድሰማ ግን 13 ሰዓት ተጠበቀልኝ።

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ወሊሶን፣ ወልቂጤን፣ የጊቤን በረሃ፣ ሰኮሩን እንዴት እንዳለፍን አላስታውስም። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ለቀብሩ ደረስኩ።

በሰልስቱ ዕለት አክስቴ ያችን ምሽት ነገረችኝ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አባዬ ተገንዞ ጓዳ ነው። 2 ሰዓት ሲሆን አንድ ጎረቤት ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ተነሳ። እማዬ «ተዉት» አለች። «ልጁን ሳያይ ተኝቶ አያውቅም።» ድምፁን ቀንሰው ተዉት። ያ ሁሉ ሰው እንባውን እየጠረገ የኔን ፊት ሲያይ አመሸ። እኔ የማዳበሪያ አቅርቦት ዜና እያነበብኩ ነበር።

መጽሐፉ የተወለደው ከዚያች ምሽት ነው። ታትሞ እጄ እስኪገባ ግን ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቷል፤ አብዛኛው ጊዜ ያለቀው በራሴ ስህተት ነው። አሁን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጋዜጠኛ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለ። «እኔም ስለ እምነቴ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ይሉኛል። ከየት እንደምትጀምሩ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ የወደቅኩባቸውን ቦታዎች ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ በአምስተኛው ቀን ወደ ሥራ መመለሴ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ወላጅ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ያለ ደመወዝ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። የዓመት እረፍትም ነበረኝ። አልጠየቅኩም። «ሥራ ያስረሳል» ብዬ ነው። አላስረሳኝም። ዜናውን የማነብበት ስክሪን፣ ፕሮምፕተሩ ላይ፣ የሟች ቁጥር በመጣ ቁጥር ጉሮሮዬ ይደርቅ ጀመር። ሀዘን ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ እረፍታችሁን ውሰዱ። የሚያናግራችሁ ባለሙያ ካገኛችሁም ሂዱና ተናገሩ። እኔ የሄድኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ቀደም ብዬ ብሄድ ኖሮ የሚቀጥለውን ስህተት የምሠራ አይመስለኝም።

የሚቀጥለው ስህተት አርባው ሳይወጣ መጻፍ መጀመሬ ነው።

አንድ መጻሕፍት የሚያሳትም ሰው ለቅሶ ሊደርሰኝ መጥቶ «ይሄንን ብትጽፊው እኮ ፊትሽ ብቻውን ይሸጠዋል» አለኝ። በክፋት አልነበረም። እኔም ጊዜው ትኩስ ስለሆነ ቶሎ መውጣት አለበት ብዬ አሰብኩ። የዜና ሰው አስተሳሰብ ነው፤ ዛሬ ያልወጣ ዜና ነገ ያረጃል። ሀዘን ግን አያረጅም፤ እምነትም እንደዚያው። በአርባው ቀን ውስጥ ማስታወሻ ያዙ፣ በቃ። ማን ምን እንዳለ፣ ዝናቡ እንዴት እንደነበር፣ አባታችሁ ጫማውን የት እንዳስቀመጠ ጻፉ። መጽሐፉ ይቆይ።

እኔ አላቆየሁትም። በዘጠኝ ወር ውስጥ 180 ገጽ ጻፍኩ። ስለ ጸሎት፣ ስለ ጾም፣ ስለ መጽናናት። አሁን የምነግራችሁን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም። በነዚያ ዘጠኝ ወራት ውስጥ አንድም ቀን አልጸለይኩም። አልቻልኩም። ውዳሴ ማርያም እከፍታለሁ፤ ዓይኔ ፊደሉን እንደ ፕሮምፕተር ይከተለዋል፤ አፌ ያነባል። ሲያልቅ እዘጋዋለሁ። እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። ረቂቁ ላይ ግን ይሄ የለም። «በቴሌቪዥን የምትታወቅ ሴት ስለ እምነት ከጻፈች ጠንካራ መሆን አለባት» ብዬ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ለሙት ዓመቱ ጅማ ወርጄ ነበርና ረቂቁን ይዤው ሄድኩ። ፍልሰታ ነው። ቤታችን ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ነው። በክረምት ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሰው ለሰው አይሰማማም። አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ ጾሙ ከተፈታ በኋላ እማዬ ቡና አፈላች። ዝናቡ ጋብ ሲል «እስኪ የጻፍሽውን አንብቢልኝ» አለችኝ። በዜና ድምፄ፣ ጥርት አድርጌ አነበብኩላት። አንድ ምዕራፍ ሙሉ። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተቀዳ።

ምንም አላለችም። ከዚያ ሲኒውን አስቀምጣ እንዲህ አለች፦ «ቅድም ‘እምነት በመከራ ጊዜ ጥንካሬ እንደሚሰጥ ይታመናል’ ብለሻል። ማነው የሚያምነው?»

መልስ አልነበረኝም።

«አንቺ ታምኚያለሽ ወይ?»

ዝም አልኩ።

«ይሄ እኮ ዜና ነው ልጄ። አባትሽ ከሞተ አንድ ዓመቱ ነው። የቱ ጋ ነው አንቺ ያለቀስሽው?»

ያን ለሊት ኮምፒውተሬ ላይ ፈለግኩ። «ይታመናል» የሚለው ቃል ረቂቁ ውስጥ 41 ቦታ ነበር። «ተገልጿል»፣ «ተጠቁሟል»፣ «ይነገራል» ደግሞ ከዚያ በላይ። «አምናለሁ» የሚለው ስንት ቦታ እንዳለ ቆጠርኩ። አራት። ሁለቱ ጥቅስ ውስጥ ናቸው።

ይሄ የጋዜጠኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሐኪሙ እንደ ሪፖርት ይጽፋል፣ አስተማሪው እንደ ማብራሪያ ይጽፋል፣ ሰባኪው እንደ ስብከት ይጽፋል። ሁላችንም የምንደበቅበት የሥራ ቋንቋ አለን። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ፈልጋችሁ አግኙት። ኮምፒውተር ላይ ከጻፋችሁ ቀላል ነው፤ «ይታመናል»ን ፈልጉና ቁጠሩ። በየቦታው «ማነው የሚያምነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «እኔ» ከሆነ «አምናለሁ» በሉ። ካልሆነ አረፍተ ነገሩን አውጡት።

በማግስቱ ለእማዬ ነገርኳት። ዓመት ሙሉ መጸለይ እንዳቃተኝ፣ 180 ገጹን እንዴት እንደጻፍኩት፣ ሁሉንም። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «እኔም ሰማንያው እስኪያልፍ ዳዊቱን አልከፈትኩትም» አለችኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ዳዊት ሳትደግም ውላ የማታውቅ ሴት ናት። ይሄንን ለንስሐ አባቷ እንጂ ለሌላ ሰው ተናግራ አታውቅም። «ልጻፈው?» አልኳት። ያን ቀን አልመለሰችልኝም። ከሦስት ቀን በኋላ በረካ ላይ «ጻፊው» አለች። «ግን የራስሽን አስቀድሚ።»

መብራት በጠፋ ማታ አጠገቧ ተኝቼ መዝሙር በቃሏ ስትደግም እሰማ ጀመር። አባዬ የሚወደውን፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን በግዕዝ ስትለው፣ አልጸለይኩም፤ ሰማሁ ብቻ። ለሁለት ሳምንት እንደዚያ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አፌ አብሯት ሲንቀሳቀስ አገኘሁት። ራእይ የለም፣ ተአምር የለም። መጽሐፌ ውስጥም ከዚህ በላይ አላደረግኩትም። አንድ ወዳጄ «እዚህ ጋ ትንሽ ጠንከር አድርጊው» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ከደረሰባችሁ በላይ አትጻፉ፤ አንባቢ ባያውቅባችሁ እንኳ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ቀጥሎ ስትጸልዩም ትዝ ይላችኋል።

180ውን ገጽ ሙሉ በሙሉ ተውኩት። የአራት ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠየቅኩና ጅማ ተቀመጥኩ። አጻጻፌንም ቀየርኩ። እኔ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ወረቀት ፊት ስቀመጥ የዜናው ድምፅ ይመጣል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሽቅብ በእግሬ እወጣለሁ። መንገድ ላይ ስልኬን አውጥቼ ለእህቴ የምነግራት መስዬ እናገራለሁ። ከላይ ከተማው በጉም ውስጥ ይታያል። ተመልሼ የቀዳሁትን እጽፋለሁ። ስናገር የተንተባተብኩበት ቦታ ብዙ ጊዜ ዋናው ቦታ ነበር። መጻፍ ለከበዳችሁ ሰዎች ይሄንን እመክራለሁ፤ በተለይ እየተራመዳችሁ ስትናገሩ ማስመሰል ይከብዳል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ከሁሉም በላይ ሰውን ያስቀየምኩበት ነው።

ጎረቤታችን ሐጂ፣ አባዬ ታሞ በነበረበት ወቅት፣ ለቤታችን አንድ ነገር አድርገዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው፣ ረመዳን ሲሆን ሾርባ የሚልኩልን፣ እኛም በፋሲካ ልጆቻቸውን የምንጠራ ሰው ናቸው። ያደረጉትን ነገር በአጋጣሚ ሰማሁና አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩበት። የመጽሐፉ ምርጥ ምዕራፍ ነበር፤ ያነበቡት ሁሉ አልቅሰዋል። የኔን እምነት ያነቃው አንድ ሙስሊም አባት መሆኑን የሚያሳይ ነው። ጅማ ያደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል፤ ሌላው አገር እንዲያውቀው ፈለግኩ።

ሊታተም ሲል «ቢሰሙት ደስ ይላቸዋል» ብዬ ይዤላቸው ሄድኩ። በረንዳው ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አነበብኩላቸው። መሐል ላይ መቁጠሪያቸውን ማንቀሳቀስ አቆሙ። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ መንገዱን አዩ።

«ልጄ፣ ይሄንን ማን ነገረሽ?»

ነገርኳቸው።

«እኔ ለአላህ ብዬ ያደረግኩት ነው። አንቺ ለሰው ሁሉ ካወራሽው ለኔ ምን ቀረልኝ?»

በቁጣ አይደለም የተናገሩት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እኔ ላመሰግናቸው ነበር የሄድኩት፤ ለካ የደበቁትን ስጦታ ገልጬባቸዋለሁ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ቤት ገብቼ ምዕራፉን አወጣሁት። 22 ገጽ። ያደረጉትን ነገር እዚህም አልጽፈውም።

ስለዚህ ከልቤ እለምናችኋለሁ። ስለ እምነታችሁ ስትጽፉ የናንተ ታሪክ ውስጥ ሌላ ሰው ይኖራል፤ ብቻውን ያመነ የለም። የእናታችሁ ስለት፣ የጓደኛችሁ ንስሐ፣ የጎረቤታችሁ ምጽዋት የነሱ ነው። ስም መቀየር አይበቃም፤ ጅማን በሚያህል ከተማ «አንድ ጎረቤቴ» ብሎ ነገር የለም፣ ሰው በአንድ ቀን ያውቀዋል። ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከጻፋችሁ በኋላ ደግሞ አንብቡላቸው። «እምቢ» ካሉ ለምን ብላችሁ አትከራከሩ። በንስሐ የተነገረ ነገር ደግሞ ጭራሽ አይነካም።

ከመሥሪያ ቤቴ ጋር የተፈጠረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የሽፋን ሥራውን የሠራው ልጅ ዜና ሳነብ የተነሳሁትን ፎቶ አደረገበት። ከጀርባዬ የጣቢያው ዓርማ ይታያል። ደስ አለኝና ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። አለቆቼ መጽሐፍ እንደምጽፍ እንኳ አያውቁም ነበር። በማግስቱ ተጠራሁ፤ ጉዳዩ እስኪታይ ለሦስት ሳምንት ከስክሪን ወረድኩ።

በጣም ተናደድኩ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 27 እየጠቀስኩ ተከራከርኩ። እምነትን የመያዝና የመግለጽ መብት አለኝ፤ ይሄ እውነት ነው፣ ዛሬም እላለሁ። አንዲት ሙስሊም የሆነች አርታኢ ባልደረባዬ ግን ሻይ ጋብዛኝ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ነገ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን መሐል ጠብ ተነሳ የሚል ዜና ብታነቢ፣ ያ ሽፋን ቤቱ ያለ ሰው በየትኛው ጆሮው ይስማሽ?» አለች። መጽሐፉን መጻፍ መብቴ ነው። ዓርማውንና ወንበሩን ግን ተመልካቹ ያመነው የኔ እምነት ስለገባው አይደለም። አጋሮ ያለ ሙስሊም ገበሬም፣ ሐዋሳ ያለች ፕሮቴስታንት ተማሪም እኩል የሚሰሙት ወንበር ነው። እሱን ይዤ መሄድ አልነበረብኝም።

እንደኔ የሕዝብ ፊት ያለበት ሥራ ላይ ከሆናችሁ ገና ስትጀምሩ ለአለቃችሁ በደብዳቤ አሳውቁ፤ የተቀበሉበትን ቅጂ አስቀምጡ። የቅጥር ውላችሁንና የጣቢያውን የኤዲቶሪያል ፖሊሲ አንብቡ። ዓርማ፣ ማይክ፣ ስቱዲዮ፣ በሥራ ላይ የተነሳችሁት ፎቶ ሽፋን ላይ አይግባ። ዜና ላይም መጽሐፋችሁን በዘወርዋራ እንኳ አታንሱት። አዲሱ ሽፋኔ ላይ አባዬ ዳዊት ሲደግም የሚቀመጥበት የጅማ በርጩማ አለ፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ሦስት እግር ያለው፣ መቀመጫው ያለቀ። «ፊትሽ ከሌለበት አይሸጥም» ተብዬ ነበር። ቀስ ብሎ ተሸጧል።

ስለ ማተሚያውም ሁለት ነገር ልበል። 3000 ቅጂ አዘዝኩና ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ፣ ያለ ጽሑፍ ውል። መሐል ላይ የወረቀት ዋጋ ጨመረ ተባለና ተጨማሪ ተጠየቅኩ። አምስት ወር ዘገየ። የምከራከርበት ወረቀት አልነበረኝም። የወረቀቱን ግራም፣ የገጹን ብዛት፣ የሽፋኑን ዓይነት፣ የማስረከቢያውን ቀን፣ ዋጋ ቢጨምር ማን እንደሚችለው ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ለመጀመሪያ መጽሐፍ 1000 ይበቃል። በቅጂ ዋጋው ይወደዳል፤ ግን 2000 መጽሐፍ አልጋ ሥር ከማስተኛት ይሻላል። የመጽሐፉን መለያ፣ አይኤስቢኤን ቁጥሩን፣ ቀደም ብላችሁ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከወመዘክር፣ አውጡ።

ከመታተሙ በፊት የሚታረመውን የመጨረሻ ፕሩፍ ደግሞ በስክሪን አታንብቡት፤ በወረቀት አስወጡና እምነቱን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። እኔ ለንስሐ አባታችን ሰጠሁ። እስክሪብቶ ይዘው ሁለት ቀን ተቀመጡበት። አንድ ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው አሳዩኝ። «ሰአሊ ለነ» መሆን ያለበት «ሠዓሊ ለነ» ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው «ለምኚልን» ነው። ሁለተኛው ሥዕል የሚሥል ሰው ነው። አራት ሰው አንብቦት ማንም አላየውም፤ እኔም አላየሁትም፣ በየዕለቱ የምደግመው ሆኖ። የአባዬን መዝሙርም አስተካከሉልኝ። እኔ 23 ብዬ ጽፌ ነበር፤ በግዕዙ ዳዊት 22ኛው ነው። ሌላ እትም የያዘ አንባቢም እንዳይቸገር ሁለቱንም ቁጥር አስገባን።

ምረቃ አላዘጋጀሁም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካርቶን መጽሐፎች ጭኜ ጅማ ወረድኩ። እማዬ አንዱን ተቀብላ ገልጣ ሳታየው የአባዬ ፎቶ ሥር አስቀመጠችው። ማታ ስትተኛ ከዚያ አንስታ ወሰደችው።

ከሳምንታት በኋላ ለሐጂ ይዤ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ አማርኛ ማንበብም ብዙም አይሆንላቸውም፤ የልጅ ልጃቸው ከመግሪብ በኋላ ሁለት ሁለት ገጽ ታነብላቸዋለች። እኔ ስደርስ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ነበሩ፤ ለካ ልጅቷ ከሱቅ ገዝታላቸዋለች። የያዝኩትን ቅጂ ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«እኔ የለሁበትም አይደል?» አሉኝ።

«የሉበትም፣ ሐጂ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎሽ» አሉ። ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው ልጅቷን ቴሌቪዥኑን እንድትከፍት ላኳት። 2 ሰዓት ሊሆን ነበር። ያን ዕለት ተራዬ አልነበረም፤ ዜናውን አብረን አየን።